ቀለም ያልነካው

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ታላቅ ወንድሜ ከደቡብ አፍሪካ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። አርባ ሰከንድ አይሞላም። "ሰውዬው ሊገዛ ነው። ግን ኦርጅናል ሆኖ ነው የምፈልገው ይላል። በኋላ የተጨማመረውን ሁሉ አስነቅለው፤ ያኔ ዋጋው ሌላ ነው። አባባን አንተ አናግረው፣ እኔን አይሰማኝም።"

የሚሸጠው የአባቴ ኤንትሬ ነው። ስሙን ሰምታችሁ መኪናውን ያላያችሁ ካላችሁ፣ ፊያት 682 ኤን 3 የሚባለው የጣሊያን የጭነት መኪና ነው። "ትሬ" በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነው፤ ስሙ ከዚያ መጣ። ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ይዘቱ ከ10 ሊትር በላይ። ፊያት 682ን ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን ከ30 ዓመት በላይ አላቆመም። የአሰብን መንገድ ያወቀ ሰው ሁሉ ድምፁን ያውቀዋል። የኛው ለስድስት ዓመት ያህል ሾኔ ግቢያችን ውስጥ ቆሟል፤ ዶሮ ይተኛበታል፣ የጎረቤት ልጆች መሪውን ይዘው "ብርርር" ይሉበታል።

ሾኔ ከሀላባ ቁሊቶ ወደ ወላይታ ሶዶ ስትሄዱ መንገድ ላይ የምታገኟት ከተማ ናት። ዞናችን ሀዲያ ነው፤ ሆሳዕና ለመግባት ግን የከምባታን መሬት ማቋረጥ አለብን፣ ወይ በሀላባ መዞር። የመንገድ ልጆች ነን። ከኛ ሰፈር ግማሹ ሹፌር ወይ ረዳት ነበር፤ የቀረው ግማሽ ደቡብ አፍሪካ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? እኔ ራሴ የኦርጅናል እብድ ነኝ።

ልጅ ሆኜ ፀጉሬን የምቆረጥበት ቤት ግድግዳ ላይ፣ በሁለት እግር ኳስ ተጫዋቾች መሃል፣ የአንድ ቀይ መኪና ፖስተር ተለጥፎ ነበር። በሩ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ጠፍጣፋ፣ ኋላው ላይ ክንፍ ያለው። ማንም ስሙን አልነገረኝም። ላምቦርጊኒ ካውንታሽ መሆኑን ያወቅሁት መካኒካል ምህንድስና ስማር፣ የዶርም ዋይፋይ ሲገኝ ነው። ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ ያገኘሁት በኮድ እንጂ በሞተር አይደለም (የባቼ ግማሽ ያው ነው)። ቀን ሶፍትዌር እጽፋለሁ፤ ማታ የድሮ ጣሊያን መኪኖች ጨረታ አያለሁ። ፌራሪ መግዛት ቀርቶ የፌራሪ ጎማ የመግዛት ሐሳብ የለኝም። ግን የትኛው ፌራሪ በየትኛው ዓመት በየትኛው ካርቡሬተር እንደወጣ ብትጠይቁኝ አላሳፍራችሁም።

በዚያ ዓለም ውስጥ ትልቁ ጥያቄ አንድ ነው፤ ኦርጅናል ነው ወይ? ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ፋብሪካው ሲያወጣው መዝገብ ላይ ከጻፈው ቁጥር ጋር ይገጥማል? ካምቢዮውስ? ቀለሙስ? ፌራሪ ለዚህ ብቻ የሚሠራ ክፍል አለው፤ የድሮ መኪናህን ሰነድ ከማህደር አውጥቶ ይመረምርና ምስክር ይሰጥሃል። የምስክሩ መጽሐፍ ከሌለህ ዋጋህ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ፓሪስ ውስጥ በአንድ ወቅት የተዋናዩ አለን ደሎን የነበረ ፌራሪ 250 ጂቲ ካሊፎርኒያ ለዓመታት ከቆመበት መጋዘን ወጥቶ ለጨረታ ሲቀርብ አቧራው እንኳ አልተጠረገም። በ16.3 ሚሊዮን ዩሮ ሄደ። አቧራው የእውነተኛነቱ ማስረጃ ነበር። (ሾኔ በበጋ ብትመጡ ይህን ማስረጃ በነፃ እናለብሳችኋለን።)

ከዚያ የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ፌራሪ 500 ሞንዲያል ተሸጠ። "መኪና" ማለት ይከብዳል። በ1960ዎቹ ተጋጭቶ የተቃጠለ፣ የተጨማደደ ቆርቆሮ ነው፤ አይሄድም፣ መቀመጫ የለውም፣ ፊትና ኋላውን ለመለየት ጊዜ ይወስዳል። 1.875 ሚሊዮን ዶላር። ገዢው የገዛው ምንድነው? ብረቱን አይደለም፤ ብረቱን ለቁራሌው ብታቀርበው ጥቂት ብር ነው። የገዛው የሻንሲ ቁጥሩንና ከቁጥሩ ጋር የተሰፋውን ታሪክ ነው። በዙሪያው አዲስ መኪና ይሠራለታል፤ አዲሱ መኪና ግን የ1954ቱ መኪና ተብሎ ይጠራል።

ይህ የሀብታም ቅብጠት ከመሰላችሁ የኛን ገበያ አስታውሱ። ደላላው በሩን በጣቱ ጫፍ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ድምፁ ከደነዘዘ ስቱኮ አለበት ማለት ነው። "ቀለም ያልነካው" የሚለው ቃል ማስታወቂያ ላይ ከዋጋው በፊት ይጻፋል። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ከሞተሩ ካልገጠመ ጣጣ ነው። ሊብሬ የሚለው ቃል ራሱ ጣሊያን ነው፤ ጎማም፣ ፍሬንም፣ ማርሽም፣ ፍሪሲዮንም፣ ቦሎም። መኪናውን ከነቋንቋው ነው የተረከብነው። ግን በጣሊያንኛው "ሊብሬቶ" ነው፤ እኛ ጫፉን ቆርጠን ጥለነዋል። አሁን አንድ ጣሊያን መጥቶ "ኦርጅናሉ ሊብሬቶ ነውና አስተካክሉ" ቢለን እንስቃለን።

ይህን ሁሉ ሳስብ ነው መስከረም ላይ ለያሆዴ ወደ ሾኔ የወረድኩት። ስልኬ ውስጥ የገዢው ዝርዝር አለ። ሰውዬው አዲስ አበባ የሚኖር፣ የድሮ መኪና የሚሰበስብ፣ ትሑት ሰው ነው፤ አክብሮ ነው የሚያናግረኝ። ዝርዝሩ ሰባት ነገር አለው። የፊት መብራቶቹ የኤንትሬ አይደሉም፣ ይቀየሩ። ወንበሩ የአውቶቡስ ነው፣ ይውጣ። ካሶኒው ከእንጨት ወደ ላሜራ ተቀይሯል፣ ይመለስ። የተጨመሩት ባሌስትራዎች ይቀነሱ። ሁለተኛው ሰልባቲዮ ይነሳ። ጥሩምባው። ከካሶኒው ፊት የታሰረው በርሜልና ቧንቧው። ሞተሩን ግን አልጠየቀም፤ ምክንያቱም ሞተሩ እንደተቀየረ ሊብሬው ላይ ማህተም አለ። የመንግሥት ማህተም ያለበት ለውጥ ለሱ ለውጥ አይደለም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

አባቴ ሰባውን አልፏል። ዝርዝሩን ሳነብለት ዶሮዎቹን እያባረረ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ከመኪናው ጋር ሊያስተዋውቀኝ ጀመረ፤ ሠላሳ ዓመት አብሬው ከኖርኩት መኪና ጋር።

ባሌስትራውን የጨመረው አንድ የሻሸመኔ አንጥረኛ ነው፤ በቆሎ ከፋብሪካው ልክ በላይ ይጫን ስለነበር። ካሶኒውን ላሜራ ያለበሰው እንጨቱ በስብሶ አንድ ኩንታል መንገድ ላይ ከወደቀ በኋላ ነው፤ የሠራው ባትላሜራ ቋንቋው ጉራጊኛ እንደነበር ያስታውሳል፣ ስሙን አያስታውስም። ወንበሩን የቀየረው ወገቡ ነው። ሞተሩ? የመጀመሪያው ሞተር ሲደክም ከሶማሌ ተራ ሌላ የኤንትሬ ሞተር መጥቶ ገባ። አሮጌውን ደግሞ አንድ የወፍጮ ባለቤት ገዛው። "ለወፍጮ የበዛ ሞተር ነበር" ብሎ ሳቀ አባቴ። "እህሉን ሳይሆን ድንጋዩን የሚፈጭ።" ቀበሌው መብራት እስኪገባለት ድረስ እህል ሲፈጭ ኖረ።

እዚህ ጋ ፍልስፍናውን ላምጣ፤ ቃል እገባለሁ፣ አላስረዝመውም። ፕሉታርክ ስለ ቴሴዎስ መርከብ ጽፏል። አቴናውያን የበሰበሰውን ሳንቃ እያነሱ በአዲስ ሲተኩ ኖረው፣ በመጨረሻ አንድም የድሮ ሳንቃ አልቀረም፤ ያው መርከብ ነው ወይስ ሌላ? እንግሊዛዊው ሆብስ ከዘመናት በኋላ አንድ ተንኮል ጨመረበት። የወጡትን ሳንቃዎች አንድ ሰው ሰብስቦ መልሶ ቢገጥማቸውስ? የትኛው ነው መርከቡ? እኔ ይህን በመጽሐፍ አንብቤ ተደንቄ ነበር። አባቴ ግቢ ውስጥ ቆሜ ሳስበው ግን የመጽሐፍ ነገር አልሆነም። የጣሊያኑ ፋብሪካ የሠራው ልብ ወፍጮ ቤት ጡረታ ወጥቷል፣ ሰውነቱ እዚህ ዶሮ አስተኝቷል። ለማንኛቸውም ግን "ኤንትሬያችን የት ነው?" ብትሏቸው የግቢው ልጆች ሁሉ ወደ አንድ ነገር ነው የሚጠቁሙት።

በርሜሉ ጋ ስንደርስ አባቴ ቆመ።

ይህን መኪና ሲይዝ የሱ አልነበረም። በ1979 ዓ.ም. ለሌላ ሰው በሹፌርነት ተቀጥሮ፣ ቡና ጭኖ አሰብ የሚመላለስ ወጣት ነበር። አንድ ሌሊት ጣርማ በር ላይ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ፍሬኑ ጋለ። በዚያ ጊዜ የነበረው የከበሮ ፍሬን ነው፤ ሲግል ከበሮው በሙቀት ይሰፋል፣ ሸራው መያዝ ያቅተዋል፣ ፔዳሉን ብትረግጠው ትራስ የረገጥክ ያህል ነው። ማርሽ ለመቀነስ ጊዜ አላገኘም። በስተቀኝ ገደል፣ በስተግራ ድንጋይ። ድንጋዩን መረጠ። መኪናው ጎኑን እየፋቀ ቆመ። ረዳቱ ሊዘል በሩን ይዞ ነበር፤ እጁ ከበሩና ከድንጋዩ መሃል ገብቶ ሁለት ጣቱ ተቆረጠ።

ያ ረዳት፣ የቀረው እጁ ሲሽርለት፣ ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ገብቶ በርሜል፣ የመዳብ ቧንቧና የውሃ ቧንቧ መክፈቻ ለመነ። በርሜሉን ከካሶኒው ፊት አሰረ። ከበርሜሉ ሁለት ቀጭን ቧንቧ ወደ ኋላ ጎማዎች ወረዱ። ቁልቁለት ሲመጣ መክፈቻው ይከፈታል፣ ውሃው ከበሮው ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

እኔ መሐንዲስ ነኝ፣ ዝም ልል አልችልም። "አባባ፣ የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ብታፈስበት ይሰነጠቃል'ኮ" አልኩት።

"ሲግል አይደለም የሚከፈተው" አለኝ። "አናቱ ላይ፣ ሳይግል። ጠብ ጠብ እንጂ አይፈስም። እሱ ይህን ሳያውቅ የሠራው ይመስልሃል?"

አፈርኩ። ሁለት ጣት ያጣ፣ ስድስተኛ ክፍል ያልጨረሰ ሰው ሙቀቱ ከመምጣቱ በፊት ሙቀቱን ማውጣት እንዳለበት ገብቶት ነበር። እኔ ይህን የተማርኩት ሦስተኛ ዓመት ላይ በእኩልታ ነው፤ የያዝኩት ውጤትም አያኮራም። አባቴ መኪናውን በ1985 ዓ.ም. ከባለቤቱ ሲገዛ በርሜሉ አብሮ መጣ። የአሰብ መንገድ በ1990ው ጦርነት ሲዘጋ፣ መኪናው ወደ ደቡብ ሲዞር፣ በርሜሉ አብሮ ዞረ። ረዳቱ በኋላ ሞተ። "በሽታ ነው የገደለው፣ ፍሬን አይደለም" አለ አባቴ፤ ልዩነቱ ለሱ ትልቅ ነው።

በዝርዝሩ ላይ ሰባተኛ ተራ ቁጥር ማለት ይህ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስልኬን ከፍቼ የማውቀውን ነገር እንደገና ማየት ጀመርኩ፤ የኦርጅናል አምላኪዎች ስለ ለውጥ ምን እንደሚሉ። ያየሁት ነገር አናደደኝ። ምክንያቱም እነዚያው ሰዎች፣ ስለ አንድ ብሎን ፍርድ ቤት የሚካሰሱት፣ አብልጠው የሚወዷቸው መኪኖች የተቀየሩት ናቸው።

ፌራሪ "ብሬድቫን" አለ፤ የዳቦ ማመላለሻ መኪና እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ኤንዞ ፌራሪ ለጆቫኒ ቮልፒ 250 ጂቲኦ አልሸጥም አለው። ከፌራሪ ጥለው የወጡ ሰዎችን ስለረዳ ቂም ነው። ቮልፒ ምን አደረገ? ራሱን ጂቲኦን ያበጀውን፣ ከፌራሪ የወጣውን መሐንዲስ ጆቶ ቢዛሪኒን ይዞ አንድ 250 ጂቲን አስቆረጠው፤ ሞተሩን ዝቅ አድርጎ ወደ ኋላ ገፋ፣ ጣሪያውን እስከ ጭራው ድረስ ቀጥ አድርጎ ዘረጋው። አስቀያሚ ነው፣ በእውነት። በዚያው ዓመት ለ ማን ላይ ተሰልፎ፣ ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ተሰብሮ እስኪወጣ ድረስ፣ ጂቲኦዎቹን ሲቀድም ነበር። ዛሬ ያንን ጣሪያ ቆርጦ "ወደ ኦርጅናሉ ልመልሰው" የሚል ሰው ቢመጣ አብዷል ይሉታል።

የፀጉር ቤቱ ቀይ መኪናም እንዲሁ። የመጀመሪያው ካውንታሽ ክንፍ አልነበረውም፤ ጎማውም ቀጭን ነበር። ዋልተር ዎልፍ የሚባል የካናዳ ሀብታም ነው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ለራሱ ሰፊ ጎማ፣ የተነፋ ፓራፋንጎና የኋላ ክንፍ ያስገጠመው። ፋብሪካው አይቶ ወደደው፤ በ1978 የወጣው ኤልፒ 400 ኤስ የዚያን ሰፊ ጎማና የተነፋ ፓራፋንጎ ይዞ ወጣ፣ ክንፉም በምርጫ የሚገጠም ሆነ። ክንፉ ደግሞ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምርም፤ ጌጥ ነው። እኔ በልጅነቴ እንደ ኦርጅናል ያመለክሁት የአንድ ደንበኛ ጌጥ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው "ተነክቷል ወይ?" አይደለም። የነካው ማነው፣ ስሙስ ተጽፏል ወይ ነው። ቢዛሪኒ ከነካው ታሪክ ይባላል። ዎልፍ ከነካው ሞዴል ይሆናል። የመንግሥት ማህተም ከነካው ሊብሬ ይሆናል። ስሙ ያልተጻፈ ረዳት ከነካው "በኋላ የተጨማመረ" ይባልና ይነቀላል። የኮምቦልቻው በርሜል ከካውንታሹ ክንፍ የሚያንሰው በምንድነው? በርሜሉ ቢያንስ ሥራ ነበረው።

ሥራዬ ላይ ይህን በየሳምንቱ አየዋለሁ። ኮድ ውስጥ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀየረ የሚመዘግብ ሥርዓት አለ። መዝገቡ የሌለው አሮጌ ኮድ ስታገኙ መሃሉ ላይ አንድ የማይረባ የሚመስል መስመር ይኖራል። አዲስ የገባ ልጅ "ይሄ ቆሻሻ ነው" ብሎ ያጠፋዋል። አርብ ማታ ሲስተሙ ይወድቃል። ያ ልጅ አንድ ጊዜ እኔ ነበርኩ፤ መስመሩን የጻፈው ሰው ድርጅቱን ለቆ ሄዷል፣ ለምን እንደጻፈው የጻፈበት ቦታ የለም። ሦስት ሌሊት ከፈልኩበት።

ግን እውነቱን እናውራ ካልን ሌላኛው ጎንም አለ፣ እሱን ካልጻፍኩ ዋሽቻለሁ። እኛ አገር መቀየር ይገድላል። ቅጥቅጥን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ለጭነት የተሠራ የአይሱዙ ሻንሲ ላይ እዚሁ በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተሠራ የሰው አካል። ስሙን ያገኘው ከዚያው ከመቀጥቀጡ ነው። ተማሪ ሆኜ ሾኔና ሆሳዕና የተመላለስኩት በሱ ነው፤ ጉልበቴ ከፊቴ ወንበር ብረት ጋር እየተጋጨ፣ ኩርባ ላይ የጣሪያው ጭነት ሲያዘነብል ሁላችን በአንድ ጊዜ ጸሎት እየጀመርን። ከሰፈሬ በዚያ መኪና ሄደው ያልተመለሱ ሰዎች አሉ። ማንም የመሐንዲስ ዓይን ያላየውን ብየዳ "የሕዝብ ጥበብ" ብዬ ላሞካሽላችሁ አልችልም። አባቴ ባሌስትራ የጨመረው ከልክ በላይ ለመጫን ነው፤ ከልክ በላይ ስለጫነም ነው ፍሬን የሚግለው። ከሰባቱ ለውጦች ስንቱ ያለፈውን ለውጥ ጥፋት ለማረም እንደመጣ ብንቆጥር እናፍራለን።

ግን ደግሞ ላዳን አስቡ። የአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ አባቱ ፊያት 124 ነው። ሶቪየቶች ከፊያት ጋር ተዋውለው እ.ኤ.አ. በ1970 ቶሊያቲ ላይ ማምረት ሲጀምሩ ለሩሲያ መንገድ ቀይረውታል። ብረቱን አወፈሩ፣ ከመሬት ከፍ አደረጉት፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን አውጥተው ከበሮ አስገቡ፣ ሞተሩን ለወጡ፣ ባትሪ በብርድ ሲሞት በእጅ የሚዞር ማስነሻ ጨመሩበት። ጣሊያን ውስጥ 124 ድሮ ከመንገድ ጠፍቷል፤ የተቀየረው ላዳ ግን ከዚያ በኋላም ፒያሳ ላይ ዋጋ ሲከራከራችሁ ኖሯል። እነሱም እንደ ቅጥቅጡ ሠሪ ቀይረዋል። ልዩነቱ የለወጡትን ለክተዋል፣ ሞክረዋል፣ ጽፈዋል። ኃላፊ ነበረው። ቅጥቅጡ የጎደለው መዶሻ የያዘው እጅ ችሎታ አይመስለኝም፤ "ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ" ብሎ የሚፈርም ሰው ነው። ስም የማይጻፍበት አገር ውስጥ ምስጋናም ተጠያቂነትም አብረው ይጠፋሉ። የረዳቱ ክብርና የብየዳው ጥፋት አንድ ባዶ መስመር ላይ ነው የተቀመጡት።

ጠዋት ይህን ሁሉ ለአባቴ ደረደርኩለት፤ በስሜት፣ እጄን እያወናጨፍኩ። በመጨረሻ "ስለዚህ እንደሆነ አንሸጠውም፣ ወይ እንዳለ ካልወሰደው ይቅር" አልኩ።

አባቴ ቡናውን ጠጥቶ ጨረሰ። "ወንድምህ ሱቁን ዘርፈውታል፣ ታውቃለህ?"

አውቃለሁ። ዝርፊያው ሁለተኛው ነው። ኦርጅናል በሆነውና ባልሆነው ኤንትሬ መሃል ያለው የዋጋ ልዩነት ሱቁን መልሶ ይሞላል። እኔ የምጽፈው ድርሰት አይሞላውም።

"ደግሞ" አለ፣ "እኔ አዲሱን አይቼው አላውቅም።"

አልገባኝም።

"ስይዘው አሮጌ ነበር። መብራቱም ያኔ ተቀይሮ ነበር። ወንበሩም ሌላ ነበር፣ ከዚህ በፊት። አንተ ኦርጅናል ኦርጅናል ትላለህ፤ ኦርጅናሉን ከዚህ ቤት ያየው የለም። ሰውዬው መልሶ ካሳየኝ እኔ ደስ ይለኛል። ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ።"

ለሁለት ቀን ያዘጋጀሁት ክርክር እዚያው ቡና ረከቦቱ ሥር ወደቀ። እኔ የሱን ሕይወት ከገዢው እየተከላከልኩ ያለሁ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን መኪናውን እንደ ሐውልቱ አይቶት አያውቅም፤ የወገቡ ሕመምና የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ አድርጎ ነው የሚያየው። ጠባሳውን እንዲጠብቅለት የፈለግሁት እኔ ነኝ፤ ጠባሳው ያላመመኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ቀላል ነው። የትምህርት ቤት ደብተር ገዛሁ። አባቴ እየተናገረ እኔ ጻፍኩ፤ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ለውጥ፣ ለምን፣ የት፣ በስንት ዓመት፣ ማን ሠራው። ስሙን ያላስታወሰውን "የጉራጌው ባትላሜራ፣ ሻሸመኔ፣ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ" ብለን አኖርነው። የረዳቱን ስም ከነአባቱ ጻፍን። እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆቹ አሉ፣ ገና አልጠየቅኋቸውም። ፎቶ አነሳሁ። ጥፋቱንም ጻፍን፤ ባሌስትራው ለምን እንደተጨመረ፣ ከዚያ በኋላ ፍሬኑ ምን እንደሆነ። አባቴ እዚያ ገጽ ላይ ሲደርስ "ይህንንም?" አለኝ። "ይህንንም" አልኩት። ትንሽ አሰበና ራሱ ፈረመበት።

ገዢው ደብተሩን በሁለት እጁ ነው የተቀበለኝ። መኪናውን እንደፈለገው እንደሚመልሰው ነገረኝ፣ መብቱ ነው፤ ደብተሩ ግን ከሊብሬው ጋር እንደሚቀመጥ ቃል ገባልኝ። በርሜሉን ምን እንደሚያደርገው ስጠይቀው "ለኔ አያስፈልገኝም፣ ከፈለጋችሁ ውሰዱት" አለ። መኪናው በሎቤድ ሲጫን አባቴ አልወጣም። የጎረቤት ልጆች ግን እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኙት።

ለፋሲካ ስመለስ ኤንትሬው የቆመበት ቦታ ላይ ሣር በቅሏል። ከጓሮ በኩል፣ አራት እንጨት ላይ፣ በርሜሉ ቆሟል። ሁለቱ ቀጭን የመዳብ ቧንቧዎች ወርደው በበርበሬ ችግኙ መደብ ላይ ተዘርግተዋል። አባቴ ጎንበስ ብሎ መክፈቻውን በሩብ ያህል አዞረው፤ ጠብ ጠብ አለ።

ስልኬ ላይ ገዢው የላከው ፎቶ አለ። የፊት መብራቶቹ ተቀይረዋል፣ ካሶኒው እንጨት ሆኗል። መነጽሩን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው። አጎላልኝ አለኝ፣ አጎላሁለት።

"መብራቱ እንዲህ ነበር እንዴ?" አለና ስልኬን መልሶልኝ ወደ መክፈቻው ተመለሰ።